የነጅድ መንገዶችና ጂኒዎቻቸው፦ ከጉል እስከ አቡ ፋኑስ

ከሪያድ ወጥቶ በየትኛውም አቅጣጫ የሚሄድ ሰው ብዙ ሳይርቅ ምድረ በዳ ይቀበለዋል። ወደ ደማም የሚወስደው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አውራ ጎዳና የአድ ደህናን ቀይ አሸዋ አቋርጦ ያልፋል። ይህ አሸዋ ከሰሜኑ ነፉድ እስከ ደቡቡ ሩብ አልኻሊ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደ መቀነት የተዘረጋ ነው። በዚህ ነጅድ በሚባለው አገር ስለ መንገድ የሚነገረው ተረክ ከአስፋልቱ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው፦ በሌሊት ብቻውን የሚጓዝ ሰው በስሙ የሚጠራው ድምፅ ይሰማል፤ ወይም ራቅ ብሎ የሚንቀሳቀስ መብራት ያያል፤ ወይም ሴት የመሰለች ፍጡር ታጋጥመዋለች። ተከትሎ ከመንገድ የወጣ አይመለስም።

ይህን ተረክ ለመመዘን ሦስት ጥያቄዎችን ለየብቻ ማንሣት ይገባል። ተጓዡ በእርግጥ አንዳች ነገር አይቷል ወይስ ሰምቷል? ያየው ምን ነበር? ምንም ያላየው ሰውስ ስለ ምን ይደጋግመዋል? ብዙ ጊዜ ክርክሩ በአማኝና በተጠራጣሪ መካከል ያለ ሆኖ ይቀርባል። መዛግብቱ የሚያሳዩት ግን ሌላ ነው፤ የመንገዱን ተረክ አጥብቀው ከነቀፉት መካከል የጂኒን መኖር ያለ ጥርጥር የተቀበሉ ሊቃውንት ይገኙበታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሞተ ሰው መንፈስ ወይስ ጂኒ?

መንፈስ ይታይበታል ስለሚባል መንገድ ሲወራ፣ ፊልም ለለመደ ሰው ቶሎ ወደ አእምሮው የሚመጣው በዚያ ስፍራ የሞተ ሰው ነፍስ ነው። የነጅዱ ተረክ በአብዛኛው ስለ ሙታን አይደለም። በእስልምና ትምህርት የሞተ ሰው ነፍስ እስከ ትንሣኤ ቀን በርዘኽ በሚባለው መካከለኛ ስፍራ ትቆያለች እንጂ በምድር ላይ አትንከራተትም። ጂኒ ግን ከሰው የተለየ፣ ከእሳት የተፈጠረ፣ የሚበላና የሚጠጣ፣ የሚራባ፣ አማኝም ከሓዲም ያለበት ራሱን የቻለ ፍጡር ነው። ስለዚህ ሪያድ ውስጥ አንድ ስፍራ ጭር ብሎ ስሙ ሲከፋ፣ ሰዎች የሚያስቡት ነዋሪዎቹ ጂኒዎች ናቸው ብለው ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ከእስልምና በፊት የነበሩ ዐረቦች ሃማ ስለምትባል ወፍ ያወሩ ነበር። በግፍ የተገደለ ሰው ደሙ እስኪመለስ ድረስ ከራስ ቅሉ የወጣች ወፍ በመቃብሩ ላይ ሆና አጠጡኝ እያለች ትጮኻለች ይሉ ነበር። ይህ ከዘመናዊው የሙት መንፈስ ታሪክ ጋር በጣም የሚቀራረብ እምነት ነው። ነቢዩ ሙሐመድ እምነቱን መሻራቸው በሐዲስ ስብስቦች ተዘግቧል። በዚህም የተነሣ የሞተ ሰው መንፈስ ከትምህርቱ ሲወጣ ጂኒው ቦታውን ይዞ ቀረ። ሆኖም ሟችን የመሰለ ነገር አየሁ የሚል ሰው ሲመጣ ብዙዎች ነገሩን በቀሪን ያስረዱታል። ቀሪን ከእያንዳንዱ ሰው ጋር አብሮ የሚኖር ጂኒ ሲሆን፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ መልኩንና ድምፁን ይዞ ሊታይ ይችላል ይባላል።

ሁለተኛው ልዩነት በቦታ መንፈስና በሰው መንፈስ፣ ማለትም ሰው ላይ በሚያድረው፣ መካከል ያለው ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ልዩነት አዲስ አይደለም። አድባርና ቆሌ ከዛፍ፣ ከወንዝ፣ ከተራራ ጋር የተያያዙ ናቸው፤ ዛር ሰው ላይ ይሰፍራል፤ ቡዳ ደግሞ ራሱ በሕይወት ያለ ሰው ነው። የነጅድ የመንገድ ተረክ በዋናነት ከመጀመሪያው ወገን ይመደባል፤ መንፈሱ የስፍራው ባለቤት ነው፣ ተጓዡ ደግሞ ያለ ፈቃድ የገባ እንግዳ። ሁለቱን ማደባለቅ ማስረጃውን ያደበዝዛል። አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ በጂኒ ተያዘች መባሉ፣ በአንድ የበረሃ መንገድ ላይ መብራት ታየ ለሚለው ወሬ ምስክር አይሆንም።

ጉል፦ የመንገደኛ ጠላት

የተረኩ ጥንታዊ ባለቤት ጉል ናት። በጥንታዊው የዐረብ ግጥም ውስጥ ስሟ ከምድረ በዳ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ከሁሉ የታወቀው የፈህም ጎሣ ተወላጅ የሆነው ሽፍታና ገጣሚ ተአበጠ ሸረን ነው፤ በሌሊት ጉል ገጥማው በሰይፍ እንደ ገደላት፣ እስኪነጋም ምን እንደሆነች ለማየት ከላይዋ ሳይነሣ እንደ ቆየ ይተርካል። ድገመኝ ብላ ስትለምነው እንዳልሰማትም ይናገራል፤ ጉል በአንድ ምት ትሞታለች፣ በሁለተኛው ግን ትነሣለች የሚል እምነት ስለነበረ ነው።

ከሌሎች ጭራቆች የሚለያት ሥራዋ ነው። ጉል መልኳን እየለዋወጠች ተጓዥን ከመንገድ ታወጣለች። በ956 ያረፈው ታሪክ ጸሓፊ አልመስዑዲ እንደሚዘግበው፣ በየትኛውም መልክ ብትመጣ እግሮቿ የአህያ ሆነው ይቀራሉ ተብሎ ይታመን ነበር። ይህን የአህያ እግር ልብ ይሏል፤ ወደ ታች እንመለስበታለን።

የቦታ ባለቤትነት እምነትም የዚያው ዘመን ነው። በቁርኣን ሱረቱል ጂን (ምዕራፍ 72) ስድስተኛው አንቀጽ አንዳንድ ሰዎች በጂኒዎች ይጠበቁ እንደነበር ያነሣል። ተርጓሚዎቹ ሲያብራሩት፣ ተጓዦች መሽቶባቸው ሸለቆ ውስጥ ሲያድሩ ለሸለቆው ጌታ ራሳቸውን አደራ ይሰጡ ነበር ይላሉ። ይህ ልማድ በአገራችን መንገደኛ አድባር ሲያልፍ ከሚያደርገው ጋር ይቀራረባል። አንቀጹ ልማዱን የሚያነሣው ግን ሊነቅፈው ነው።

ጉል አለች ወይስ የለችም? የሐዲስ ሊቃውንት ክርክር

በ875 ያረፉት ኢማም ሙስሊም በሰበሰቡት የሐዲስ መጽሐፍ ውስጥ ነቢዩ ጉል የለችም ማለታቸው ተዘግቧል። በሌላ ወገን ሙስነድ በተባለው የኢማም አሕመድ የሐዲስ ስብስብ ውስጥ፣ ጉሎች መልካቸውን እየለዋወጡ ሲመጡባችሁ አዛን (የጸሎት ጥሪ) አሰሙ የሚል ዘገባ አለ፤ የዘገባው ሰንሰለት ላይ ሊቃውንት ጥያቄ ያነሣሉ። ሌላው የሐዲስ ሰብሳቢ አት ቲርሚዚ ደግሞ የነቢዩ ባልደረባ አቡ አዩብ አልአንሷሪ ከጎተራቸው ተምር እየመጣች የምትሰርቃቸውን ጉል እንደ ያዙ ይተርካሉ። አንዱ የለችም ሲል ሌላው ያዟት እያለ ነውና ሊቃውንቱ ማስታረቅ ነበረባቸው።

በ1277 ያረፉት የሐዲስ ተንታኝ አን ነወዊ ሁለቱን አቋሞች አስፍረዋል። አብዛኞቹ ሊቃውንት ዐረቦች የሚሉት ዓይነት ጉል ጭራሹኑ የለችም ብለው ተረድተውታል። ሌሎች ደግሞ የተካደው የፍጡሩ መኖር ሳይሆን ሥራው ነው አሉ፤ ጂኒ አለ፣ ነገር ግን መልክ እየለወጠ ሰውን ከመንገድ ማሳሳት አይችልም ማለታቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች ጂኒ መኖሩን ያምናሉ፤ ሆኖም በሁለቱም አቋም የመንገዱ ተረክ ዋና ክፍል፣ ማለትም ተጓዥን አሳስቶ መግደሉ፣ ይወድቃል። ሕዝቡ ግን ተረኩን አልተወውም። ከሐዲሶቹ መካከል የአዛኑን ምክር ይዞ፣ ክህደቱን ትቶ ቀጠለ።

ብቸኝነት የሚወልደው፦ አልጃሒዝና ተከታዮቹ

ተፈጥሯዊ ማብራሪያ የዘመናዊ ሳይንስ ፈጠራ አይደለም። በ868 ወይም 869 ያረፈው የባስራው ደራሲ አልጃሒዝ «ኪታብ አልሐየዋን» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ የመምህሩን የአን ነዟምን ሐሳብ አስፍሯል። ሰው ከወገኖቹ ተለይቶ ጭር ባለ አገር ብዙ ሲቆይ ሐሳቡ ይረበሻል፤ ትንሹ ትልቅ ይመስለዋል፤ የሌለውን ያያል፣ ያልተነገረውን ይሰማል። ከዚያ ያየውን በግጥም ያስረዋል፣ ለሰው ያወራዋል፤ ልጁም በዚያ ወሬ ያድጋል። ልጁ በተራው በረሃ ሲወርድና ጉጉት ስትጮኽ ሲሰማ ምን እንደሚሰማ አስቀድሞ ያውቀዋል።

አን ነዟም በዚህ ብቻ አላቆመም። የሚያዳምጠው ሰው ብዙውን ጊዜ እንደ ተናጋሪው ያለ ዘላን ወይም ወሬን መርምሮ የማያውቅ ተራ ሰው ስለሆነ ተረኩን የሚያርም አይገኝም ብሏል። ተናጋሪው በተፈጥሮው ጉረኛ ከሆነማ ጉሏን አየኋት ከማለት አልፎ ገደልኋት ይላል። አልመስዑዲም ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በበረሃ ስለሚሰሙ ባለቤት አልባ ድምፆች ሲጽፍ ተመሳሳይ ነገር ይናገራል፤ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይፈራል፣ ፍርሃቱ ክፉ ሐሳብ ያመጣበታል፣ ሐሳቡም ድምፅና ቅርጽ ይይዛል።

የዚህ ማብራሪያ ብርታት ሁለቱን ጥያቄዎች አያይዞ መመለሱ ነው፤ አንድ ሰው ስለ ምን እንደሚያይና ሌሎች ስለ ምን እንደሚደግሙት። ድክመቱ ደግሞ ሁሉን ወደ አእምሮ ማስገባቱ ነው። ብዙ ሰዎች በአንድ ስፍራ አንድ ዓይነት መብራት ካዩ፣ ብቸኝነት ብቻውን መልስ አይሆንም።

ከመንገደኛ ማስታወሻ ወደ ተረት ሰብሳቢ

እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳውቲ ከ1876 እስከ 1878 በዐረቢያ ተዘዋውሮ በ1888 መጽሐፉን ሲያሳትም ዘላኖች ስለ ጉል የነገሩትን አስፍሯል። በግንባሯ መካከል አንድ ዓይን ያላት፣ ገላዋ የግመል የሚያህል፣ አንዱ እግሯ የአህያ ሰኮና ሌላው የሰጎን የሆነች ፍጡር ናት። መንገደኞችን በየስማቸው ትጠራለች፤ ድምፁም የእናት ወይም የእኅት ይመስላቸዋል። በአልመስዑዲና በዳውቲ መካከል 900 ዓመት ገደማ ቢኖርም የአህያው እግር በቦታው አለ።

ነጅድ ውስጥና በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ደግሞ ሒማረት አልቃይላ የምትባል አለች፤ የቀትር አህያ ማለት ነው። እናቶች ልጆቻቸው በቀትር ፀሐይ እንዳይወጡ የሚያስፈራሩባት ይህች ፍጡር ከፊል ሰው ከፊል አህያ ናት። በእርሷ የአህያው እግር ለሦስተኛ ጊዜ ይታያል፤ ሰዓቱ ግን ከሌሊት ወደ ቀትር፣ ሰለባውም ከመንገደኛ ወደ ሕፃን ተቀይሯል። የእኛም ሰው የቀትር ጋኔንን ያውቃል፤ በመዝሙረ ዳዊት 90ኛው መዝሙር (በሌላው ቁጥር 91ኛው) ተጠቅሷል፣ በቀትር ወንዝ ዳር ወይም ዋርካ ሥር መቆም የሚፈራውም በእርሱ ምክንያት ነው። በሁለቱም አገር የተከለከለው ሰዓት ፀሐይ የምትጎዳበት፣ ሰውም ከመንገድ የሚጠፋበት ሰዓት ነው።

በራሳቸው በነጅድ ሰዎች እጅ ተረቱን በጽሑፍ በማኖር ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ዐብዱልከሪም አልጁሀይማን ነው። ከሪያድ ሰሜን ምዕራብ ካለው የወሽም አውራጃ የተወለደው ይህ ጋዜጠኛና ደራሲ በ2011 እስካረፈ ድረስ የመካከለኛው ዐረቢያን ተረቶችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በበርካታ ጥራዞች ሰብስቧል።

እዚህ ላይ የፎክሎር አጥኚዎች የሚያደርጉትን ልዩነት መያዝ ይጠቅማል። ተረት ተናጋሪውም ሰሚውም ልብ ወለድ መሆኑን የሚያውቁት ነው። አፈ ታሪክ በአንድ በታወቀ ስፍራ እንደተፈጸመ የሚነገር ነው። ስዊድናዊው ካርል ቪልሄልም ፎን ሲዶቭ በ1930ዎቹ ለይቶ ያወጣው ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ ሰው በራሱ ደረሰብኝ ብሎ የሚናገረው ቃል ነው። የአልጁሀይማን ጥራዞች በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ሲሆኑ፣ ዳውቲ የሰማው ሁለተኛው ነው። አንድ ሹፌር ትናንት ማታ መብራት አየሁ ሲል ሦስተኛው ነው። ማስረጃ ሆኖ ሊመረመር የሚችለው ይህ የመጨረሻው ብቻ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የሚመሰክሩት ስለ ባህሉ ነው።

አቡ ፋኑስ፦ የሚሸሸው መብራት

መኪና ሲመጣ ጉል ወደ ኋላ ቀረች። በቦታዋ የገነነው አቡ ፋኑስ ነው፤ ባለ ፋኖሱ። በሳዑዲ በረሃ፣ በተለይም በምሥራቁ ክፍል፣ በሌሊት ከርቀት የሚታይ መብራት ነው ይባላል። ሲቀርቡት ይርቃል፣ ሲተዉት ይከተላል፤ የሰፈር መብራት መስሎት ከመንገድ ወጥቶ የተከተለው ሰው በአሸዋ መካከል ይቀራል። የጉል ሥራ ሳይቀየር መልኳ ብቻ ተቀይሯል ማለት ይቻላል።

ለዚህ ዓይነቱ መብራት ሦስት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ከረግረግ የሚወጣ ጋዝ ሲቀጣጠል ነው የሚለው የአውሮፓ መልስ ነው። ረግረግ ለሌለው አሸዋ ይህ አይመጥንም። ሁለተኛው የነዳጅ ጉድጓዶች ችቦ ነው። ምሥራቃዊው የሳዑዲ ክፍል የነዳጅ ምድር እንደመሆኑ የጋዝ ነበልባል ከሩቅ ይታያል፤ ነበልባሉ ግን ቦታውን ስለማይለቅ የሚከተል መብራት የሚለውን ለብቻው አያስረዳም።

ሦስተኛው የብርሃን መታጠፍ ነው። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት የበረሃው መሬት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል፤ ከመሬት አጠገብ ያለው ቀዝቃዛ አየር ከላይ ካለው ሞቃት አየር በታች ሲተኛ የሩቅ ብርሃን ታጥፎ ከአድማስ ማዶ ይመጣል። በ2003 የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲው ጃክ ፔትግሩ ሚን ሚን የሚባለውን የአውስትራሊያ በረሃ መብራት በዚህ መንገድ አስረድቷል፤ በቀጥታ ሊታይ በማይችል፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ በራቀ ስፍራ የቆመ መኪና መብራቱን ሲያበራ ሚን ሚንን የመሰለ ብርሃን ታየ። በ2004 ደግሞ በዳላስ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪዎች በዚያው በቴክሳስ የሚታዩትን የማርፋ መብራቶች ለአራት ሌሊት ተከታትለው፣ ያዩት ነገር በአውራ ጎዳና 67 የሚያልፉ መኪኖች የፊት መብራት መሆኑን ደርሰውበታል።

ይህ ማብራሪያ ለምን ሲቀርቡት እንደሚርቅም ይመልሳል። የሚታየው መብራት ከተመልካቹ እጅግ ስለሚርቅ፣ ጥቂት መቶ ሜትር መጠጋት ርቀቱን አይለውጠውም፤ ተመልካቹ ከፍ ዝቅ ሲል ደግሞ ብርሃኑ ይጠፋል፣ ይመለሳል። የሚቀርበው ተቃውሞ መብራቱ ከመኪና በፊትም ይታይ ነበር የሚል ነው። ተቃውሞው ክብደት አለው፣ ግን ወሳኝ አይደለም። የዘላን እሳትና ፋኖስ እንዲሁም ከአድማስ የምትወጣ ብሩህ ኮከብ በዚያው አየር ውስጥ ይታጠፋሉ። በረሃው ከመኪና በፊትም መብራት አልጎደለበትም።

ድምፁ፣ ግመሉና እንቅልፉ

በስም የሚጠራው ድምፅ ከመብራቱ ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ማርኮ ፖሎ በመካከለኛው እስያው የሎፕ በረሃ ስለሚሰሙ ድምፆች ሲተርክ፣ የዐረብ ተጓዦች ከሚሉት ጋር የሚመሳሰል ነገር ይናገራል። አንዱ የተረጋገጠ ምንጭ የሚዘምረው አሸዋ ነው። ደረቅና መጠናቸው የተቀራረበ የአሸዋ ቅንጣቶች በአሸዋ ክምር ቁልቁለት ሲንሸራተቱ ከሩቅ የሚሰማ ጥልቅ ጉምጉምታ ያወጣሉ። በ1932 ሩብ አልኻሊን ያቋረጠው ሴንት ጆን ፊልቢ ይህን ሰምቶ ጽፏል። ይሁን እንጂ ጉምጉምታ ስም አይጠራም። ከድምፁ እስከ ስሙ ያለውን ርቀት የሚሞላው የሰሚው አእምሮ ነው፤ እዚህ ላይ አን ነዟም ይመለሳል።

ለዛሬው ሹፌር ሌሎች ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። የመጀመሪያው ግመል ነው። ነጅድ ውስጥ መጃሂም የሚባሉት ጥቁር ግመሎች በሌሊት አስፋልት ላይ ሲቆሙ መብራት እስኪያርፍባቸው አይለዩም፤ እግራቸው ረጅም በመሆኑ ሲገጩ ገላቸው በመኪናው መስተዋትና ጣሪያ ላይ ይወድቃል። ድንገት ታይቶ የጠፋ ረጅም ጥላ ሁሉ ጂኒ ለመሆን አይቸኩል። ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ፣ ለሰዓታት የማይለወጥ መንገድ ሹፌሩን ዓይኑ ክፍት ሆኖ ለጥቂት ሰከንድ ያስተኛዋል፤ በእንቅልፍና በንቃት ድንበር ላይ የሚታዩ ምስሎች ደግሞ በጣም እውነት ይመስላሉ። ዱካክ የሚባለውን የሚያውቅ ሰው ይህ ድንበር ምን ያህል እንደሚያሳምን ይረዳል።

አሳፍሩኝ የምትለው ልጅ ለምን በነጅድ አልበረታችም?

በዓለም ላይ እጅግ የተጠናው የመንገድ መንፈስ የምትጠፋው ተሳፋሪ ናት። አንድ ሹፌር በሌሊት መንገድ ዳር የቆመች ልጅ ያሳፍራል፤ ቤቷ ሲደርስ ከመኪናው የለችም፤ በር ሲያንኳኳ ከዓመታት በፊት መሞቷን ይነግሩታል። አጥኚዎቹ ሪቻርድ ቢርድስሊና ሮዛሊ ሃንኪ በ1942 የታተመ ጥናታቸው 79 ቅጂዎችን አነጻጽረዋል፤ ጃን ሃሮልድ ብሩንቫንድ በ1981 መጽሐፉን በዚሁ ተረክ ስም ሰይሞታል።

አንዳንድ አጥኚዎች የዚህን ቅርጽ ጥንታዊ ምሳሌ ሲፈልጉ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ላይ ደርሰዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ፊልጶስ የህንደኬን ባለሥልጣን ሠረገላ ይሳፈራል፣ የኢሳይያስን መጽሐፍ ይተረጉምለታል፣ ያጠምቀዋል፣ ከዚያም ተነጥቆ ይሰወራል። ንጽጽሩ ስለ አተራረክ ቅርጽ ብቻ ከሆነ ያስኬዳል። ስለ ይዘቱ ከሆነ ግን አይቆምም፤ ፊልጶስ በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ከዚያ በኋላም በአዛጦን ተገኝቷል፣ ታሪኩም የጥምቀት ታሪክ ነው።

የተሳፋሪዋና የጉል ተረክ በመሠረቱ ተቃራኒ ናቸው። ተሳፋሪዋ ሰውን አትጎዳም፤ ቤቷ መድረስ ብቻ ነው የምትፈልገው። ጉልና አቡ ፋኑስ ግን ሰውየውን ከቤቱ መንገድ ያወጡታል። ልዩነቱ የሚመነጨው ከላይ ካየነው ይመስላል፤ ሙታን አይንከራተቱም በሚል ትምህርት ባደገ ማኅበረሰብ፣ ለቤቷ የናፈቀች ሟች በቀላሉ ቦታ አታገኝም።

ተረኩ ከተማ ሲገባ፦ የ1987ቱ ክርክርና ዒርቃ

ሪያድ ራሷ በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ የሕዝብ ክርክር አስተናግዳለች። በ1987 ሼኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ፣ ኋላ የአገሪቱ ዋና ሙፍቲ የሆኑት፣ በአንዲት ሴት ላይ ያደረን ጂኒ አነጋግረው እንዳሰለሙ በጋዜጦች ተጻፈ። በሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚታወቁት ሼኽ ዐሊ አጥ ጠንጧዊ ነገሩን ማታለል ነው ብለው ነቀፉ። ኢብን ባዝ ጂኒ በሰው ላይ መግባቱን በማስረጃ የሚከራከር ጽሑፍ አወጡ። ሁለቱም ታላላቅ የሃይማኖት ሰዎች ናቸው፤ ሙግታቸው ጂኒ ምን ማድረግ ይችላል በሚለው ላይ እንጂ ጂኒ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ አልነበረም። ክርክሩ ስለ ሰው መንፈስ እንጂ ስለ ቦታ መንፈስ አለመሆኑም ሊታወስ ይገባል።

ሁለተኛው በከተማዋ ምዕራብ ያለው የዒርቃ ሆስፒታል ነው። በ1980ዎቹ እንደተሠራ የሚነገርለት ይህ ሕንፃ በ1991ዱ የባሕረ ሰላጤ ጦርነት ጊዜ ቁስለኞችን አስተናግዶ በኋላ ተዘግቶ ባዶውን ቀረ። ጂኒ ሰፈረበት የሚለው ወሬ ተስፋፋ። በ2012 በኢንተርኔት የተጠራሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ጂኒዎቹን እናሳድዳለን ብለው ገብተው መስታወት ሰባበሩ፣ እሳትም ለኮሱ። የጤና ሚኒስቴር ሕንፃው የእርሱ አለመሆኑን አስታወቀ።

ዒርቃ ሁለት ነገር ያሳያል። አንደኛ፣ የጉል መኖሪያ የነበረው ምድረ በዳ በከተማዋ ውስጥ ሊፈጠር ይችላል፤ የሚያስፈልገው ባለቤቱ የማይታወቅ ጭር ያለ ሕንፃ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ እዚህ ጂኒውና የጦርነቱ ሟች በአንድ ወሬ ውስጥ ተቀላቅለዋል። በትምህርቱ የተለያዩት ሁለቱ በሕዝብ አፍ ላይ ተገናኝተዋል።

ኢትዮጵያ የት ላይ ትገባለች?

በቀይ ባሕር ሁለት ዳርቻዎች መካከል መንፈሶችም ተሻግረዋል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ስኑክ ሁርግሮንየ በ1885 መካ ውስጥ ሲኖር በሴቶች ዘንድ የነበረውን የዛር ሥርዓት ዘግቧል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌይሪስ በ1932 ጎንደር ውስጥ ያንኑ ሥርዓት መልካም አየሁ በተባለችው የዛር መሪ ቤት ተቀምጦ አጥንቷል፤ መጽሐፉም በ1958 ወጥቷል። የተሻገረው ግን የሰው መንፈስ ነው። የቦታ መንፈስ ከቦታው አይነቀልም፤ ጉል ጎንደር አልመጣችም፣ የጎንደር አድባርም ነጅድ አልወረደም። በሁለቱም በኩል የሚመሳሰለው አደጋ ያለበትን ሰዓትና ስፍራ በመንፈስ የማጠር ልማድ ነው።

ያልተቋጨውና የተቋጨው

ሁለት ነጥቦች አሁንም ክፍት ናቸው። የአህያው እግር ከአልመስዑዲ እስከ ቀትሯ አህያ ያልተቋረጠ የቃል ውርስ ነው፣ ወይስ ሰው ከመጽሐፍ እያነበበ መልሶ ወደ አፍ ያመጣው? ደግሞም አቡ ፋኑስ የጉል ተተኪ ነው ያልነው በሥራቸው መመሳሰል ብቻ ነው፤ የሚያያይዛቸው የመካከል ዘመን ምስክር ያስፈልጋል።

የተቋጨውን በድፍረት መናገር ይቻላል። በጂኒ ማመንና በአንድ መንገድ ላይ ጂኒ ታየ የሚለውን ወሬ መቀበል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሐዲስ ሊቃውንቱም ሆኑ አልጃሒዝ ይህን ለይተውታል። መብራቱን በብርሃን መታጠፍ ማስረዳት ይቻላል፣ ደግሞም በሌላ አገር በሙከራ ተፈትኗል። ድምፁ በከፊል ብቻ ይገለጣል። የተረኩ ምክር ግን ከማብራሪያው ሁሉ ይልቅ ትክክል ነው፤ በሌሊት ብቻህን በበረሃ ስትሆን ያየኸውን ተከትለህ ከመንገድ አትውጣ ይላል። ውኃ በሌለበት አሸዋ ይህን ምክር የጣሰ ሰው ጂኒ ኖረም አልኖረም ይሞታል።

ሪያድ ውስጥ ወይም በመንገዶቿ ላይ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመው ወይም ከሌላው ከሰማ፣ አራት ነገሮችን ይመዝግብ፦ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ የአየሩን ሁኔታ፣ ያየውም ራሱ ይሁን ወይስ ሌላ ሰው። ከ1,000 ዓመት በላይ ለተነገረው ተረክ የጎደሉት እነዚህ አራቱ ናቸው። ያየው ሹፌር ሆኖ ዓይኑ ከከበደው ግን፣ ከመመዝገቡ በፊት መኪናውን ከአስፋልቱ አውጥቶ ይተኛ።